ከእንቅልፍ ላብራቶሪው ጓዳ፦ ስለ ዱካክ ሹክ የምላችሁ

አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። ዱካክ የሚይዘው፣ አእምሮው ነቅቶ ሰውነቱ አልንቀሳቀስ የሚለው ሰው፣ ምሥጢሩን የሚያወጣው ሐኪሙ ፊት አይደለም፤ እኛ ዘንድ ነው። እኛ ስል የሌሊት ሠራተኞቹን ማለቴ ነው፤ ፀጉራችሁን ከፍለን ሽቦ የምንለጥፍባችሁን፣ መብራቱን አጥፍተን ከጎን ክፍል እንቅልፋችሁን ስንከታተል የምናድረውን የእንቅልፍ ቴክኖሎጂስቶች።

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ይህን ሥራ ከሚሠሩ ሐበሾች አንዷ ነኝ። ታካሚው የአገሬ ሰው ሲሆን ደረቴ ላይ ያለውን ስም አንብቦ ፊቱ ይፈታል። ወሬው ወደ አማርኛ ይዞራል። ከዚያ ለቤተሰቡ እንኳ ያልነገረውን ይነግረኛል።

ችግሩ፣ እኛ የምርመራ ውጤት እንድንናገር አይፈቀድልንም። የተመዘገበውን አንብቦ ብያኔ የሚሰጠው ሐኪሙ ነው፤ ደንቡም ተገቢ ነው። ስለዚህ ታካሚው ይነግረናል፤ «ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩት» እንለዋለን፤ እሱም «እሺ» ብሎ ሳይነግር ይቀራል። ሐኪሙ በበኩሉ ስለ ማንኮራፋትና ስለ ቀን ድካም ጠይቆ ቀጠሮውን ይጨርሳል። ዱካክ በሁለቱ ዝምታ መካከል ሾልኮ ያመልጣል። እኛ ጓዳ ውስጥ እርስ በርስ የምንባባለውን ዛሬ ለእናንተ ላውጣው።

ሽቦ ሲለጠፍ የሚወጣ ወሬ

አዳር ምርመራ የገባ ሰው ከመተኛቱ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በሜትር ራሱን ከአፍንጫው ድልድይ እስከ ማጅራቱ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ እንለካለን። ልኩ ላይ በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን፤ ቆዳውን አሸዋ አሸዋ በሚል ቅባት እናሻለን፤ ከዚያ ትንንሾቹን ኤሌክትሮዶች በወፍራም ነጭ ቅባት እንለጥፋለን። ከዓይኖቹ ጎን፣ አገጩ ላይ፣ ቅልጥሙ ላይም እንደዚሁ። ደረቱና ሆዱ በመቀነት ይታሰራል፤ አፍንጫው ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ጣቱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ሰው ያወራል። ዓይን ለዓይን ስለማንተያይ ይመስለኛል፣ ከባዱን ነገር ያኔ ያወጡታል።

ከብዙዎች የሰማሁትን አዋህጄ፣ የማንም ሰው ታሪክ እንዳይሆን አድርጌ አንዱን ላጫውታችሁ። ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ፣ ሌሊት የሚነዱ ሾፌር ናቸው እንበል። የተላኩት ለማንኮራፋት ነው። አገጫቸው ላይ ሽቦ ስለጥፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ይሄ ማሽን ሌላም ነገር ያያል?» ይሉኛል።

«ምን ዓይነት ነገር ጋሼ?»

ዝም ይላሉ። ቆይተው፣ «የሚመጣውን» ይላሉ።

«ዱካክ ይይዝዎታል?»

«አንቺም ታውቂዋለሽ እንዴ?»

ከዚያ በኋላ ማቆሚያ የለውም። ሥራ አድረው ጠዋት በጀርባቸው ጋደም ይላሉ። ዓይናቸው ይከፈታል፤ መጋረጃው ይታያቸዋል፤ ባለቤታቸው ወጥ ቤት ሲኒ ስታጥብ ይሰማቸዋል። ሊጠሯት ይፈልጋሉ፤ ምላሳቸው እንደ ታሰረ ነው። እጃቸውን ሊያነሡ ይሞክራሉ፤ በድን ነው። በሩ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ይቆማል። ይቀርባል። ደረታቸው ላይ ይወጣል። ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሲለቃቸው ላብ በላብ ሆነው ይነሡና ሚስታቸው ያፈላችውን ቡና ይጠጣሉ፤ ለእሷ ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም። «አበደ እንዳትለኝ» ይላሉ።

ይህን ታሪክ ከተማሪ ሰምቼዋለሁ፤ ከነርስ፣ ከአራስ እናት፣ ከፓርኪንግ ሠራተኛም ሰምቼዋለሁ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ይለያያል እንጂ በሩ፣ ጥቁሩ ነገርና ደረት ላይ ያለው ጭነት አይለያይም።

ስክሪኑ ላይ የምናየው

እኛ የምናየው መስመሮችን ነው። እንቅልፋችሁ በሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ገጽ ተከፋፍሎ ያልፋል፤ ከላይ የአንጎል ሞገድ፣ ከሥሩ የዓይን እንቅስቃሴ፣ ከእሱ ሥር የአገጭ ጡንቻ። ሰው ነቅቶ ሳለ የአገጩ መስመር ወፍራምና ሸካራ ነው። እንቅልፉ ሲጠልቅ ይቀጥናል። ድንገት ዓይኖቹ ከሽፋናቸው ሥር ወዲያና ወዲህ መወርወር ይጀምራሉ፤ የአንጎሉ ሞገድ ነቅቶ ያለ ሰው ሞገድ ሊመስል ይደርሳል፤ የአገጩ መስመር ግን ጭራሽ ጠፍጣፋ ይሆናል። ያኔ «ሬም ገባ» እንባባላለን።

ሬም የምንለውን የእንቅልፍ ክፍል በ1953 ለዓለም ያስታወቁት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን ናቸው። ጡንቻ በዚህ ሰዓት ሙሉ በሙሉ እንደሚዝል ደግሞ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፈረንሳዊው ሚሼል ዡቬ በሊዮን ከተማ በድመቶች ላይ አሳየ። በአንጎል ግንድ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ክፍል ሲጎዳባቸው ድመቶቹ ተኝተው ሳለ ተነሥተው የሌለ አይጥ ያድኑ ጀመር። መልእክቱ ግልጽ ነበር። በሕልም ሰዓት አንጎል ሰውነትን የሚያስረው ሕልሙን በአካል እንዳንኖረው፣ ራሳችንንና አጠገባችን የተኛውን እንዳንጎዳ ነው። የእስራቱ ትእዛዝ ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ ወደ ህብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ ግላይሲንና ጋባ የተባሉ ኬሚካሎች ጡንቻን የሚያዝዙትን ነርቮች ዝም ያሰኛሉ። ከእስራቱ ነፃ የሚሆኑት ዓይንን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችና ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ድያፍራም ናቸው።

ይህ እስራት በጤነኛ ሰው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ይመላለሳል። የእንቅልፍ ዙር በግምት 90 ደቂቃ ነው፤ በየዙሩ መጨረሻ ሬም ይመጣል፤ ወደ ንጋት ሲቃረብ የሬም ድርሻ ይረዝማል። ሰውየው አይታወቀውም፣ ተኝቷልና። ዱካክ የሚባለው አእምሮ ቀድሞ ሲነቃና እስራቱ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። የቤቱ መብራት በርቷል፣ በሩ ግን ገና አልተከፈተም። በ1992 የጃፓን ተመራማሪዎች ፈቃደኞችን ሌሊት እየቀሰቀሱ መልሰው በማስተኛት ክስተቱን ላብራቶሪ ውስጥ አምጥተውት ነበር። የመዘገቡትም ይህንኑ ነው፤ የአንጎሉ ሞገድ የነቃ ሰው፣ የአገጩ መስመር የሬም። ሁለት ዓለም በአንድ ገጽ ላይ።

ደረት ላይ የሚሰማው ጭነትም ከዚሁ ይመጣል። የጎድን አጥንት መካከል ያሉት ጡንቻዎች ዝለዋል፤ ድያፍራሙ ብቻውን በቂ አየር ያስገባል። እናንተ ግን ደንግጣችሁ በኃይል ልትተነፍሱ ስትሞክሩ ደረታችሁ አይታዘዝም። አንጎል ይህን «አንድ ነገር ተጭኖኛል» ብሎ ይተረጉመዋል። በዚያች ሰዓት የጣታችሁ ኦክስጅን መለኪያ ቢነበብ ግን አየር እየገባላችሁ እንደሆነ ይመሰክራል።

በሩ ላይ የሚቆመው ማነው

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለን ቼይን በ1999 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት በዚህ ሰዓት የሚታየውንና የሚሰማውን በሦስት መደበ። አንደኛው «ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ» የሚለው ስሜት ነው፤ ኮቴ፣ ሹክሹክታ፣ ጥላ። ሁለተኛው ጭነቱና መታነቁ ነው። ሦስተኛው መንሳፈፍ፣ መሽከርከር፣ ከሰውነት መውጣት ነው። እኛ ወንበሩ ላይ የምንሰማቸው ታሪኮች ከእነዚህ ከሦስቱ አይወጡም።

ምክንያቱ በአጭሩ ይህ ነው። የሕልሙ ማምረቻ ገና አልቆመም፤ ሥዕልና ድምፅ ይልካል። ዓይናችሁ ደግሞ ክፍሉን እያየ ነው። በዚያ ላይ መንቀሳቀስ ያቃተው ሰው የአንጎሉ የአደጋ ደወል ይጮኻል፤ አደጋውን ፈልጎ ሲያጣ ጥላውን ሰው ያደርገዋል። የሰውየውን መልክ የሚሰጠው ግን ያደግንበት አገር ነው። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ ደረት ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ናት። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል። ከፖል ፖት እልቂት የተረፉ ካምቦዲያውያን ስደተኞች ደግሞ የሚጫናቸው መንፈስ ነው ይላሉ፤ በ2005 አሜሪካዊው ሐኪም ዴቨን ሂንተንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ከእልቂቱ የአእምሮ ቁስል ያልዳኑት ዘንድ ክስተቱ እጅግ የበዛ ነበር። እኛ ዘንድ ዱካክ ነው።

በጓዳችን ብዙ ጊዜ የምናነሣው ሌላ ጥናት አለ። ባላንድ ጀላልና ዴቨን ሂንተን ግብፃውያንንና ዴንማርካውያንን አወዳድረው ነበር። ግብፅ ውስጥ ብዙዎች ነገሩን የጂኒ ሥራ አድርገው ያያሉ። እዚያ ክስተቱ ይበልጥ ይደጋገማል፣ ይረዝማል፣ «መሞቴ ነው» የሚለው ፍርሃትም ይከብዳል። ፍርሃት እንቅልፍን ይቆራርጣል፤ የተቆራረጠ እንቅልፍ ዱካክን ይጠራል፤ ዱካክ ፍርሃቱን ያጸናል። ይህን ዙር ማወቅ የመድኃኒቱ ግማሽ ነው።

ብቻችሁን አለመሆናችሁንም እወቁ። በ2011 ብራያን ሻርፕለስና ዣክ ባርበር 35 ጥናቶችን፣ በጠቅላላው ከ36,000 በላይ ሰዎችን የሚመለከቱ መረጃዎችን ሰብስበው ነበር። ከአጠቃላዩ ሕዝብ 7.6 በመቶው፣ ከተማሪዎች 28.3 በመቶው ቢያንስ አንዴ አጋጥሞታል። እናንተ ያፈራችሁበት ነገር አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰውም የደበቀው ሊሆን ይችላል።

ስለ ምርመራው የማይነገራችሁ

አሁን ወደ ዋናው ሹክሹክታ ልግባ። አንድ ሌሊት ላብራቶሪ ብታድሩ ዱካኩ ያን ሌሊት የመምጣቱ ዕድል አነስተኛ ነው። የሚመጣው በራሱ ቀን ነው። ማሽኑ ስላላየው የለባችሁም ማለት አይደለም። በፖስታ ወደ ቤታችሁ የሚላከው የቤት ውስጥ የእንቅልፍ መመርመሪያ ደግሞ በአብዛኛው ትንፋሽን፣ ኦክስጅንንና የልብ ምትን ብቻ ነው የሚለካው፤ የአንጎል ሞገድ አይመዘግብም፣ ስለዚህ ዱካክን ሊያየው አይችልም።

ደግሞም ሌላ ምልክት የሌለበት ዱካክ የሚታወቀው ከታሪኩ ነው። የሚያውቅ ሐኪም አዳምጦ ይለየዋል። ለእሱ ብቻ ተብሎ ውድ የአዳር ምርመራ አያስፈልግም፤ ኢንሹራንስ የሌላችሁ ሰዎች ይህን ልብ በሉ።

ምርመራው የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን አለ። ቀን ቀን መቋቋም የማትችሉት እንቅልፍ የሚጥላችሁ ከሆነ፣ በተለይ ስትስቁ ወይም ስትደነግጡ ጉልበታችሁ የሚከዳችሁ ከሆነ፣ ናርኮሌፕሲ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ዱካክ ከዚህ በሽታ ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። ለዚህ ከአዳሩ በማግስቱ የቀን ምርመራ አለ፤ በየሁለት ሰዓቱ አጭር እንቅልፍ እንድትተኙ እድል እንሰጣችኋለን፣ እስከ አምስት ጊዜ። ጤነኛ ሰው በዚያች አጭር እንቅልፍ ብዙውን ጊዜ ሬም ውስጥ አይገባም፤ የናርኮሌፕሲ ታማሚ ግን ደጋግሞ ይገባል።

የሚያንኮራፋ፣ በእንቅልፉ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰውም መመርመር አለበት። አፕኒያ የሚባለው ይህ የትንፋሽ መቆራረጥ እንቅልፍን ደጋግሞ ይሰብራል፤ በጀርባ ሲተኙና በሬም ሰዓት ይብሳል። ሾፌሩ ጋሼ ለማንኮራፋት ተልከው ስለ ዱካክ ያወሩኝ ሁለቱ ነገሮች ዝምድና ስላላቸውም ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሲፓፕ የተባለው የትንፋሽ ማሽን የታዘዘለት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ሬም በብዛት ይመለስለታል። ሕልሙ ይደምቃል፣ ይበዛል፣ አንዳንዴም ያስፈራል። ብዙ ሰው ያኔ «ማሽኑ መንፈስ አመጣብኝ» ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። እባካችሁ አትቆልፉበት። የተራበው እንቅልፍ ብድሩን እየተቀበለ ነው፤ ሲጠግብ ይረጋጋል።

ሦስት ነገሮችን ከዱካክ ጋር አታምታቱ። ሰውነታችሁ ከተፈታ በኋላም የማይለቅ የደረት ሕመም የልብ ሊሆን ይችላል፤ ወዲያው የድንገተኛ ሕክምና ጥሪ አድርጉ። ምላስ ተነክሶ፣ አልጋ ረጥቦ፣ ምን እንደሆነ ሳይታወስ መንቃት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፤ በዱካክ የተያዘ ሰው እያንዳንዷን ነገር ያስታውሳል። በሕልሙ እየተጋጨ የሚደባደብና ከአልጋ የሚወድቅ ሰው ደግሞ እስራቱ የላላበት ነውና እሱም ሐኪም ይየው።

ማንን ይይዛል

ከእኛ ሰው ማን እንደሚበዛ ልንገራችሁ፤ የሌሊት ሠራተኛው ነው። ሆስፒታል፣ አየር ማረፊያ፣ ፓርኪንግ፣ ታክሲና ኡበር። ሥራ አድሮ፣ ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ሁለት ሰዓት ሸለብ አድርጎ፣ ወደ ሁለተኛው ሥራ የሚሮጥ ሰው እንቅልፉ የተሰባበረ ነው። በዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንም እንደዚሁ፤ ከሁሉ በኋላ ተኝተው ከሁሉ በፊት የሚነሡ፣ ሌሊት ሕፃን ሲያለቅስ የሚቀሰቀሱ፣ በዚያ ላይ ሐሳብና ናፍቆት የበላቸው ናቸው። የዱካክ ዋና ምግብ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ጭንቀትና በጀርባ መተኛት ነው።

ጫትን ካላነሣሁ ሐቁን ደብቄያለሁ። ጫት ያቆመ ሰው ዱካክ እንደሚጨፍርበት ከሐረርጌ እስከ አዲስ አበባ ቃሚ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ካቲኖን የተባለው የጫት ንጥረ ነገር እንደ አምፌታሚን የሚያነቃ ነው፤ የሚያነቃ ነገር እንቅልፍን፣ ሬምንም ጭምር፣ ያሳጥራል። ሲቆም ሬም ተጠራቅሞ ይመለሳል፤ ቅዠቱም ዱካኩም አብሮ ይመጣል። ብዙዎች «ሳልቅም ካደርኩ አያስተኛኝም» ብለው ወደ ጫቱ የሚመለሱት በዚህች በር ነው። ለማቆም የወሰናችሁ ሰዎች፣ ይህ የመላቀቅ ምልክት ነው፤ ያልፋል። የዱካኩ መምጣት ለመመለስ ምክንያት አይሁናችሁ። ለሐኪማችሁም ስለ ጫቱ በግልጽ ንገሩት፤ የምትነግሩት በሕክምና ምሥጢር ነው።

የድብርት መድኃኒት የሚወስዱም እንደዚሁ ይጠንቀቁ። ብዙዎቹ እነዚህ መድኃኒቶች ሬምን ይቀንሳሉ፤ በድንገት ሲቋረጡ ሬም ይመለሳል። ያለ ሐኪም አታቋርጡ።

በያዛችሁ ጊዜ

መጀመሪያ፣ አትታገሉ። በኃይል ለመነሣት፣ ለመጮኽ፣ ደረትን ለመንፋት መሞከር ድንጋጤውን ይጨምራል። ባላንድ ጀላል በ2016 ባሳተመው ጽሑፍ አራት ደረጃ ያለው ዘዴ አቅርቧል፤ እኔም ሰው ሲጠይቀኝ የምለው ከዚያ የተቀዳ ነው። አንደኛ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ «ይህ የእንቅልፍ እስራት ነው፣ በሴኮንዶች ወይም በደቂቃ ይለቀኛል» በሉ። ሁለተኛ፣ የምታዩት ነገር ከሕልም የተረፈ ስለሆነ መፍራት እንደማያስፈልግ ለራሳችሁ ንገሩ። ሦስተኛ፣ ሐሳባችሁን ከበሩ ላይ አንሥታችሁ በምትወዱት ነገር ላይ አሳርፉ፤ በልጃችሁ ፊት፣ በእናታችሁ ድምፅ፣ በምትደግሙት ጸሎት። አራተኛ፣ ሰውነታችሁን ልቀቁት፤ አታንቀሳቅሱት፣ ትንፋሻችሁንም ለመቆጣጠር አትሞክሩ።

ይህ ዘዴ በ2020 በ10 የናርኮሌፕሲ ታማሚዎች መካከል ተሞክሮ፣ በተለማመዱት ዘንድ ዱካክ የሚይዝባቸው ቀናት ወደ ግማሽ ቀንሰዋል። ሙከራው ትንሽ ነው፤ ሆኖም ወጪ የለውም፣ ጉዳትም የለውም። ቀን ነቅታችሁ ሳለ ተለማመዱት፤ ሲይዛችሁ ልማድ ሆኖ እንዲመጣላችሁ። አንዳንዱ ሰው የእግሩን አውራ ጣት ወይም ምላሱን በቀስታ ለማንቀሳቀስ ሲሞክር እንደሚለቀው ይናገራል። የሚሠራላችሁን ያዙ።

አብሯችሁ ለሚተኛ ሰው ደግሞ ምልክት ንገሩት። ትንፋሻችሁ ሲፈጥን ወይም ጉሮሯችሁ ውስጥ የታፈነ ድምፅ ሲሰማ ትከሻችሁን ይንካ፣ በስማችሁ ይጥራ። ከውጭ የሚመጣ ንክኪ ቶሎ ይፈታል። ሾፌሩ ጋሼ ለባለቤታቸው አንድ ጊዜ ቢነግሩ ኖሮ፣ ከወጥ ቤት መጥታ ትቀሰቅሳቸው ነበር።

ከመያዙ በፊት

በጎናችሁ ተኙ። በጀርባ መተኛት ዱካክን እንደሚያበዛ ጥናቱም የእኛም ወንበር ይመሰክራሉ። ከሸሚዝ ጀርባ ላይ የተሰፋ ትንሽ ትራስ በእንቅልፍ ልብ እንዳትገለበጡ ይረዳል።

የምትተኙበትንና የምትነሡበትን ሰዓት አጽኑ። ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ መጋረጃውን አጨልሙ፣ ስልኩን ከክፍሉ አውጡ፣ እንቅልፋችሁን በአንድ ላይ ተኙት። ደወሉን አምስት ጊዜ እያጠፋችሁ መልሶ መተኛትን ተዉት፤ በንጋት ሬም መካከል እየነቁ መልሶ መግባት ጃፓኖቹ ላብራቶሪ ውስጥ ያደረጉትን በገዛ እጅ ማድረግ ነው። በዱካክ ከተያዛችሁ በኋላ ወዲያው በዚያው ጀርባ አትተኙ፤ ተነሥታችሁ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ጥቂት ቆዩ፣ በጎን ተመለሱ። የማታ መጠጥም የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይሰባብራል። የእኛ ነገር ቡና ነውና፣ የመጨረሻውን ስኒ ከመኝታችሁ ሰዓት አርቁት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም በሳምንት ደጋግሞ የሚይዛችሁ፣ መተኛት እስክትፈሩ ድረስ የሚያሠቃያችሁ ከሆነ ሕክምና አለው። ሐኪሙ የጭንቀቱን ሥር ያክማል፤ ሲያስፈልግም ሬምን የሚቀንስ መድኃኒት ያዛል።

ስለ ጸሎት

ብዙዎች ወንበሩ ላይ «ጸሎት ላቁም ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። ኧረ አታቁሙ። ትራስጌው ዳዊት የሚያኖረው ሰው፣ አያተል ኩርሲን አንብቦ የሚተኛው ሰው በተረጋጋ ልብ ነው የሚተኛው፤ የተረጋጋ ልብ ደግሞ እኛም የምንፈልገው ነው። የማልቀበለው በጸሎት ስም ሰውን ማስፈራራትን ነው። «ቤትህ ውስጥ የተቀመጠ አለ» የተባለ ወጣት ከዚያች ቀን ጀምሮ አይተኛም፤ ያልተኛ ሰው ደግሞ ይያዛል። ልጃችሁ «ማታ የሆነ ነገር ተጫነኝ» ብሎ ሲነግራችሁ አትጩኹበት፣ አትቅጡት፣ የታዘዘለት መድኃኒት ካለም አታስጥሉት። ቁጭ ብላችሁ አድምጡት፤ «እኔንም ይዞኝ ያውቃል» በሉት፤ ከያዛችሁ ማለቴ ነው፤ ሐሰት አያስፈልግም።

ከሐኪማችሁ ጋር ላላችሁ ቀጠሮም ዓረፍተ ነገሩን አሁን አዘጋጅቼ ልስጣችሁ፦ «ከእንቅልፍ ስነቃ አእምሮዬ ነቅቶ ሰውነቴ አልንቀሳቀስ ይላል፤ የሌለ ነገር አያለሁ፤ በወር ይህን ያህል ጊዜ ይሆንብኛል።» አስተርጓሚ ካለ በአማርኛ በሉት። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ጀምሩት። ለእኔ ሌሊት በሹክሹክታ የነገራችሁኝን ለእሱ ቀን በድምፅ ንገሩት፤ ፋይላችሁ ላይ ይጻፍ፣ ሕክምናውም ከዚያ ይጀመር።